ከኮረም እስከ ሂሮሺማ፦ የዶክተር ማርሴል ጁኖ ሕይወት በፊልም

ጉለሌ የሐኪም ሰፈር ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል እዚያ ነው፤ ሰው ሁሉ ዛሬም «ፓስተር» እያለ የሚጠራው ግቢ፣ የአሁኑ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ እዚያው ነው፤ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የተቋቋመው ጴጥሮስ ሆስፒታል ይገኛል። ጠዋት የታክሲ ረዳቶች «ፓስተር! ጳውሎስ!» እያሉ ሲጣሩ፣ ከሚሳፈሩት መካከል ነጭ ጋዋናቸውን አጥፈው ክንዳቸው ላይ የጣሉ የሕክምና ተማሪዎች አይታጡም። ይህ ጽሑፍ ለማንም አንባቢ ቢሆንም ከሁሉ በፊት በሐሳቤ የመጡት እነዚያ ተማሪዎች ናቸው። ስለ አንድ ሐኪም የተሠራ ፊልም አለና እንዲያዩት እፈልጋለሁ፤ ከማየታቸው በፊት ደግሞ የሐኪሙ ታሪክ የሚጀምረው ከገዛ ሀገራቸው መሆኑን እንዲያውቁ።

ፊልሙ «ጁኖ» ይባላል። ጃፓኖች በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) የሠሩት የአኒሜሽን ፊልም ሲሆን የሚተርከው የስዊዘርላንዳዊውን ሐኪም የዶክተር ማርሴል ጁኖን ሕይወት ነው። ጃፓኖች ዶክተር ጁኖን የሚያውቋቸው በአቶሚክ ቦምብ ለወደመችው ሂሮሺማ መድኃኒት ይዘው የደረሱ የመጀመሪያው የውጭ ሀገር ሐኪም በመሆናቸው ነው። በከተማዋ የሰላም መታሰቢያ ፓርክ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1979 ሐውልት አቁመውላቸዋል። ጃፓናዊ ተማሪ የጁኖን ስም ሲሰማ ሂሮሺማ ትታወሰዋለች። ኢትዮጵያዊ ተማሪ ግን ደሴን፣ መልካ ዲዳንና ኮረምን ማስታወስ ነበረበት። ጁኖ ሂሮሺማ ከመግባታቸው አሥር ዓመት ቀድመው የመጡት እዚህ ነበርና።

ማርሴል ጁኖ በ1896 ዓ.ም. ኒውሻቴል በተባለች የስዊዘርላንድ ከተማ ተወለዱ። ሕክምና ተምረው በቀዶ ሕክምና ሠለጠኑ፤ በፈረንሳይዋ ሙሉዝ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ሲሠሩም ቆዩ። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጄኔቭ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑኩ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ላካቸው። ሲድኒ ብራውን ከተባሉ ሌላ የኮሚቴው ሰው ጋር ነበር የመጡት። ያን ጊዜ ገና የ31 ዓመት ወጣት ነበሩ።

የታሪኩ ውል እንዳይጠፋ እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ቀይ መስቀል አንድ ድርጅት ብቻ አይደለም። በየሀገሩ የየራሱ ብሔራዊ ማኅበር አለ፤ የእኛው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ጦርነቱ ሊጀምር ሦስት ወር እንኳ ሳይቀረው፣ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ጄኔቭ ያለው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ግን ከእነዚህ የተለየ ነው። ሥራው በሚዋጉት ወገኖች መካከል ገለልተኛ ሆኖ መቆም፣ ቁስለኛና ምርኮኛ ሕጉ የሚሰጣቸውን ጥበቃ ማግኘታቸውን መከታተል፣ የማኅበራቱን እርዳታ ማገናኘት ነው። ስለዚህ ጁኖ ሐኪም ቢሆኑም የመጡት ቢላዋ ይዘው ለመቅደድ አልነበረም። የሕክምና ጓዶቹን እየዞሩ ማየት፣ የጎደለውን ማሟላት፣ ያዩትን ለጄኔቭ መጻፍ ነበር ግዳጃቸው። ይህ «ያዩትን መጻፍ» የሚለው ነገር ኋላ ትልቅ ጣጣ አመጣ፤ እመለስበታለሁ።

ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲጀመር በሀገሪቱ የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ሐኪም አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ፣ በዚያን ጊዜ ለንደን የሀገራቸው ልዑክ ሆነው ይሟገቱ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ከነበሩት ጥቂት ሆስፒታሎች አንዱ ራስ ተፈሪ መኮንን በ1910ዎቹ ያቋቋሙትና የስዊድን ሐኪሞች ይሠሩበት የነበረው ቤተ ሳይዳ ነው፤ ከጉለሌ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወረድ የሚገኘው የዛሬው የካቲት 12 ሆስፒታል ማለት ነው። ይህ ሆስፒታል በእኛ ዘመን ከሁሉ ይልቅ በቃጠሎ ሕክምና ክፍሉ ይታወቃል። በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር ሺዎች ለተቃጠሉበት ጉዳት ግን አንድም የተዘጋጀ ክፍል በሀገሪቱ አልነበረም። ክፍተቱን ለመሙላት ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከፊንላንድ፣ ከኔዘርላንድና ከግብፅ የሕክምና ጓዶች መጡ። በዚያን ጊዜ አነጋገር እያንዳንዱ ጓድ «አምቡላንስ» ይባላል፤ አንድ መኪና ሳይሆን ሐኪሞች፣ አስታማሚዎች፣ ድንኳኖችና የጭነት መኪናዎች ያሉት ተንቀሳቃሽ ሆስፒታል ነው።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ። ቀይ መስቀል በጉልህ የተሳለበት የአሜሪካውያን ሆስፒታልም ከመመታት አልዳነም። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን፣ በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ ተራው የስዊድን አምቡላንስ ሆነ። ይህ ጓድ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር ይከተል ነበር፤ እኒያ በሰሜን አዲስ አበባ ሆስፒታል በስማቸው የተሰየመላቸው ራስ ደስታ ናቸው። ቦምቡ በድንኳን ውስጥ የተኙ ብዙ ቁስለኞችን ገደለ፤ ከስዊድናውያኑም ጉናር ሉንድስትሮም ሞቱ፤ የጓዱ መሪ ዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር ቆሰሉ። ጁኖ በአውሮፕላን ወደ ሥፍራው ሄደው የተቀደዱትን ድንኳኖችና የተበተነውን ጓዝ በዓይናቸው አዩ። በጄኔቭ ስምምነት መሠረት ጥይት የማይነካው ምልክት በኢትዮጵያ ሰማይ ሥር ከለላ መሆኑ ቀርቶ ነበር።

ጁኖን ከግንባር ግንባር ያመላለሱት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተባሉ ወጣት ስዊድናዊ አብራሪ ናቸው። በመጋቢት ወር ሁለቱ ወደ ኮረም በረሩ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው አውሮፕላናቸው እዚያ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ተደብድቦ ተቃጠለ። ፎን ሮዘን ከኢትዮጵያ ጋር የነበራቸው ፍቅር በዚያ አልተቋረጠም። ከነጻነት በኋላ ተመልሰው የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማደራጀት ሠሩ፤ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ጎዴ ላይ ተገደሉ። የእሳቸው ሕይወት ራሱን የቻለ ፊልም ይወጣዋል።

ጁኖን የለወጣቸው ግን ከአውሮፕላኑ መቃጠል ይልቅ ኮረም ላይ ያዩት ሌላ ነገር ነው። በዛፎች ሥር የተጋደሙ፣ ገላቸው ቀልቶ የተላጠ፣ እግራቸውና ፊታቸው በቁስል የተሸፈነ ወታደሮችና ገበሬዎች አዩ። አንዳንዶቹ ዓይናቸው ጠፍቷል። በመጽሐፋቸው እንደመዘገቡት ከየዛፉ ሥር የሚሰማው ድምፅ «አቤት፣ አቤት» የሚል ነበር። ሐኪሙ ከመድኃኒት ሣጥናቸው የሚያወጡት ነገር አልነበራቸውም።

የሆነው ምን እንደነበር በቀስታ ላስረዳ፤ ፊልሙን ለሚያይ ሰው ዋናው ቁልፍ እዚህ ላይ ነውና። ጣሊያን የተጠቀመችበት ዋናው መርዝ የሰናፍጭ ጋዝ፣ በሌላ ስሙ ኢፔሪት ይባላል፤ ጀርመኖች በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ኢፕር በተባለች የቤልጂግ ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1917 ስለተጠቀሙበት የወጣለት ስም ነው። «ጋዝ» ይባል እንጂ በተፈጥሮው ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ነው። ሲ 500 ቲ የተባለው የጣሊያን ቦምብ ከ200 ኪሎ በላይ ኢፔሪት ይዞ ከመሬት ከፍ ብሎ አየር ላይ ይፈነዳና ፈሳሹን እንደ ካፊያ ይረጨዋል። ጠብታው በሣር፣ በቅጠል፣ በውሃ ላይ ያርፋል። ሰው ሲነካው ወዲያው አያመውም፤ መርዙ ክፉ የሆነው በዚህ ነው። ጠብታው የነካው ወታደር ምንም ሳይሰማው ጉዞውን ይቀጥላል፤ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ያቃጥለዋል፣ በመጨረሻም ውሃ እየቋጠረ ይነሣና ይላጣል። ዓይን ያብጣል፤ ወደ ሳንባ የገባው የመተንፈሻውን ግድግዳ ያቆስላል። ማርከሻ መድኃኒት ዛሬም የለውም። የሚበጀው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ልብስን አውልቆ ጥሎ ገላን መታጠብ ነው፤ ነገር ግን በእግሩ የሚሄድ፣ መርዙ የወደቀበትን ሣር የሚረግጥ፣ መርዙ የገባበትን ወንዝ የሚጠጣ ወታደርና ባላገር ይህን ከማን ይስማው? አብዛኛው ጫማ እንኳ አልነበረውም። በአውሮፓ የጦር ሜዳ ቦት ጫማና የጋዝ ጭምብል የነበረውን ወታደር ያሰቃየ መርዝ በእኛ ሀገር ያደረሰውን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የመርዝ ጋዝ በዓለም ሕግ የተከለከለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 የተፈረመው የጄኔቭ ፕሮቶኮል በጦርነት ጊዜ መርዝ ጋዝ መጠቀምን አግዷል፤ ጣሊያንም ፈርማ አጽድቃዋለች። ሕግ ነበረ፤ የጣሰው ወገን ግን እንደሚቀጣ የሚያሳይ ምንም ነገር አልነበረም።

ያ ጣጣ ያልኩት እዚህ ላይ መጣ። የመንግሥታቱ ማኅበር በ1928 ዓ.ም. የሚያዝያ ወር ገደማ ቀይ መስቀል ስለ መርዝ ጋዙ ያለውን መረጃ እንዲሰጠው ጠየቀ። ኮሚቴው የጁኖና የሌሎች ልዑካን ሪፖርቶች በእጁ ነበሩ። አልሰጠም። ምክንያቱ ገለልተኝነት ነበር፦ የልዑኮቹን ምስክርነት ለአንዱ ወገን ወይም ለፖለቲካ አካል አሳልፎ ከሰጠ ሁለቱም ወገኖች በሩን ይዘጉበታል፤ በሩ ከተዘጋ ደግሞ ቁስለኛውንና ምርኮኛውን የሚያየው አይኖርም የሚል ነው። ክርክሩ ተራ ሰበብ አልነበረም፤ ድርጅቱ ዛሬም በብዙ ጦርነቶች መካከል የሚንቀሳቀሰው በዚሁ ደንብ ነው። ሆኖም በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዚያ ዝምታ እንደተጎዳች እኔ አልጠራጠርም። ዓለም «መረጃ የለም» እያለ ሲያቅማማ መረጃው ጄኔቭ ውስጥ በመሳቢያ ተቆልፎ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን እዚያው ጄኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ስለ መርዙ ሲናገሩ፣ ያዩትን ሊመሰክሩላቸው የሚችሉት ሐኪም በአደባባይ አልቀረቡም። ጣሊያን መርዝ ጋዝ መጠቀሟን በመከላከያ ሚኒስትሯ አንደበት በይፋ ያመነችው ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. ነው።

ፊልሙን የሚያይ የሕክምና ተማሪ ይህን ጥያቄ ይዞ ቢገባ ደስ ይለኛል። አንድ ሐኪም መናገር ያለበት መቼ ነው? ታማሚውን መድረስ የሚያስችለውን በር ለመጠበቅ ሲል እስከ ምን ድረስ ዝም ሊል ይችላል? ጁኖ በ1928 ዓ.ም. ለድርጅታቸው ደንብ ታዘዙ። ከጦርነቱ በኋላ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት «ሦስተኛው ተዋጊ» በተባለ መጽሐፋቸው፣ ኮረም ላይ ያዩትን አንድ በአንድ ጻፉ። ከሁለቱ ተዋጊ ወገኖች ሌላ መሣሪያ ሳይዝ የሚዋጋ ሦስተኛ አለ ማለታቸው ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው በኢትዮጵያ፣ የሚያበቃው በሂሮሺማ ነው።

ጁኖ አዲስ አበባ ውስጥ የከተማዋን ክፉ ቀናትም አይተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከወጡ በኋላ ጣሊያኖች እስኪገቡ ድረስ ከተማዋ በዘረፋና በቃጠሎ ታመሰች። የእንግሊዝ አምቡላንስ መሪ የነበሩት ዶክተር ጆን ሜሊ በጎዳና ላይ የወደቀ ቁስለኛ ሲያነሱ ተተኮሰባቸውና ጣሊያኖች በገቡበት ዕለት፣ ሚያዝያ 27፣ ሞቱ። ጁኖ ከዚህ ወጥተው ወደ ስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሄዱ፤ እዚያ ምርኮኞችን በማስለዋወጥ ብዙ ነፍስ አዳኑ። ቀጥሎ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ያንን ሁሉ እዘለዋለሁ፤ የፊልሙ ልብ ያለው በጃፓን ነውና።

በ1937 ዓ.ም. ክረምት ጁኖ በሞስኮና በሳይቤሪያ በኩል ወደ ጃፓን ተጓዙ። የተላኩት ጃፓን የያዘቻቸውን የጦር ምርኮኞች እንዲጎበኙ ነበር። ቶኪዮ የገቡት ነሐሴ 3 ቀን፣ ማለትም በናጋሳኪ ላይ ሁለተኛው ቦምብ በወደቀበት ዕለት ነው። የመጀመሪያው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 30፣ ሂሮሺማን አውድሟል። በከተማዋ ላይ የሆነውን ግን ለሳምንታት በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ኮሚቴው ወደ ሂሮሺማ የላካቸው ፍሪትዝ ቢልፊንገር የተባሉ ልዑክ በነሐሴ መጨረሻ ቴሌግራም ላኩ፦ አብዛኛው ከተማ ጠፍቷል፤ ሆስፒታሎች ሁሉ ፈርሰዋል ወይም ክፉኛ ተጎድተዋል፤ ያገገሙ የመሰሉ ሰዎች በድንገት እየባሰባቸው ይሞታሉ፤ መድኃኒት በአስቸኳይ ያስፈልጋል።

ጁኖ ያን ቴሌግራም ይዘው ጃፓን ገና ወደ ገባው የአሜሪካ ጦር ጠቅላይ መምሪያ ሄዱ። የአሜሪካ ጦር ራሱ አከፋፋይ እንዲሆን ሳይሆን መድኃኒቱን ቀይ መስቀል እንዲያከፋፍለው ተስማሙና ወደ 15 ቶን የሚጠጋ መድኃኒትና ማሰሪያ ተሰጣቸው። ጳጉሜን 3 ቀን 1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8፣ 1945) ከአሜሪካ የምርመራ ቡድን ጋር ኢዋኩኒ አረፉ፤ በማግሥቱም ከሂሮሺማ መሃል ቆሙ። አብረዋቸው የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማሳኦ ትሱዙኪ ነበሩ፤ እኒህ ጃፓናዊ ሐኪም ቦምቡ ከመፈልሰፉ ከብዙ ዓመት በፊት ጥንቸሎችን ለኃይለኛ ኤክስሬይ አጋልጠው የጨረርን ጉዳት ያጠኑ ሰው ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ታማሚ እናስብ። ቦምቡ ሲፈነዳ ከመሃል ከተማው ወጣ ብሎ ስለነበር አልተቃጠለም፤ ሕንፃ አልተደረመሰበትም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ደኅና ሰነበተ፤ ወንድሙን ሲያስታምም ቆየ እንበል። ከዚያ አንድ ቀን ፀጉሩን ሲያበጥር በጭብጥ በጭብጥ ይነቀላል። ቆዳው ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ድዱ ይደማል፤ ትኩሳቱ ይጨምራል፤ ተቅማጡ ደም ይሆናል። ሐኪሙ ደሙን ሲመረምር ነጭ የደም ሕዋስ እጅግ አንሶ ያገኛል። ጨረሩ በቆዳው አልፎ የአጥንቱን መቅኒ፣ ደም የሚሠራበትን ቦታ፣ ገድሎታል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ቁስል፣ ተራ ጉንፋን ለሞት ይበቃል። የሰናፍጭ ጋዝ ጉዳቱን ለሰዓታት ደብቆ ያቆያል፤ አቶሚክ ቦምብ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም በካንሰር መልክ ለዓመታት ይደብቀዋል። ጁኖ ይህን ያዩት በሆስፒታልነት በተያዙ ፍርስራሽ ባንኮችና ትምህርት ቤቶች ወለል ላይ በተኙ ሰዎች ነው። እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ድረስ በሂሮሺማ ብቻ የሞተው ሰው ወደ 140,000 ይገመታል።

ከእነዚህ አኃዞች ሁሉ ለሐኪም የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ከከተማዋ 300 ያህል ሐኪሞች 270 ያህሉ ሞተው ወይም ቆስለው ነበር። አስታማሚዎቹም እንደዚያው። ሆስፒታሎቹ ከከተማው ጋር ተቃጥለዋል። በኮረም መድኃኒቱ አልነበረም፤ በሂሮሺማ መድኃኒቱን የሚሰጠውም እጅ አልነበረም። ስለዚህ ጁኖ የደረሱበት መደምደሚያ የስሜት ጩኸት አይደለም፣ የሙያ ፍርድ ነው፦ ለዚህ መሣሪያ ሕክምና የለውም፤ ያለው መከላከል ብቻ ነው። መርዝ ጋዝ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ እንደታገደ ሁሉ አቶሚክ ቦምብም ጨርሶ ይታገድ አሉ። ይህን ያሉት የመርዝ ጋዝ እገዳ እንዴት እንደተጣሰ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው፤ ቃላቸውን ከሌሎች የሰላም ጥሪዎች የሚለየው ይህ ነው። ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ ከኢትዮጵያ ተምረዋል፤ እንዲያም ሆኖ ሕግ ያስፈልጋል አሉ።

ከእሳቸው በኋላ የመጡ ሐኪሞች በዚሁ መንገድ ሄደዋል። በጋቦን የሠሩት አልበርት ሽዋይትዘር እ.ኤ.አ. በ1957 በኦስሎ ሬዲዮ የኑክሌር ሙከራ እንዲቆም ተማጸኑ፤ ስለ ሕይወታቸው የተሠራ ዘጋቢ ፊልምም በቀጣዩ ዓመት ኦስካር አገኘ። የአውስትራሊያዋ የሕፃናት ሐኪም ሄለን ካልዲኮት የኑክሌር ጦርነት በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን ለተማሪዎች ሲያስረዱ የሚያሳየው የካናዳ አጭር ፊልም በ1983 እ.ኤ.አ. እንዲሁ ተሸለመ። የአሜሪካና የሶቪየት የልብ ሐኪሞች፣ በርናርድ ላውንና ዬቭጌኒ ቻዞቭ፣ ሁለቱ ኃያላን ተፋጠው በነበረበት ዘመን አንድ ማኅበር አቋቁመው ድርጅታቸው በ1985 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ። ጁኖ ግን ከሁሉም ቀድመው፣ ገና ፍርስራሹ ሳይነሣ ነው የተናገሩት። በመጨረሻ ዘመናቸው ጄኔቭ ውስጥ በማደንዘዣ ሕክምና ያስተምሩና ይሠሩ ነበር፤ የቀይ መስቀል ኮሚቴውም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ሰኔ 9 ቀን 1953 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምና ላይ የተኛ ታማሚ ሲያደነዝዙ ልባቸው ቆማ ዐረፉ። የ57 ዓመት ሰው ነበሩ።

ከአምስት ወር በኋላ የሆነውን ሊያዩት አልቻሉም፤ ፊልሙንም ከማየት በፊት ልናውቀው የሚገባን የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል እሱ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24፣ 1961) የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቁጥር 1653 የተባለውን ውሳኔ አሳለፈ። ውሳኔው የኑክሌር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስ፣ በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ብሎ ያውጃል። ይህን ሐሳብ ያመነጨችውና ሌሎችን አስተባብራ ወደ ጉባኤው ያመጣችው ኢትዮጵያ ናት። በውሳኔው መግቢያ ላይ ከቀድሞዎቹ የጦርነት ሕጎች ጋር የተጠቀሰው ያው የ1925ቱ የጄኔቭ ፕሮቶኮል ነው። መርዝ የተረጨበት ሕዝብ የተጣሰበትን ሕግ ጽሑፍ አንሥቶ ከዚያ ለባሰው መሣሪያ መሠረት አድርጎ አቀረበው፤ ጁኖ በሂሮሺማ ካሉት ጋር መንገዱ አንድ ነው። እኔ ከኢትዮጵያ የዲፕሎማሲ ሥራዎች ሁሉ ይህን ያህል የሚያኮራኝ ጥቂት ነው፤ በትምህርት ቤት ግን ሲነገር አልሰማሁም።

ድምፁ 55 ለ 20 ነበር፤ 26 ሀገሮች ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተቃወሙ። ጣሊያንም ተቃወመች። ጃፓን ከኢትዮጵያ ጋር ደገፈች። ውሳኔው መግለጫ እንጂ ማንንም በግድ የሚያስር ሕግ ስላልነበር ቦምቦቹ መሠራታቸው አልቀረም። ነገር ግን ሰበዙ አልተበጠሰም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1960 በሰሃራ ቦምብ መሞከር ስትጀምር የተቆጣችው አፍሪካ በ1964 እ.ኤ.አ. በካይሮው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አህጉሩ ከኑክሌር ነጻ እንዲሆን አወጀች፤ ያም በፔሊንዳባ ስምምነት ሕግ ሆኖ በ2001 ዓ.ም. ክረምት ሥራ ላይ ዋለ። የኑክሌር መሣሪያን ጨርሶ የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ጸድቆ በጃንዋሪ 2021 ሕጋዊ ኃይል አገኘ። መሣሪያው ያላቸው መንግሥታት አንዳቸውም አልገቡበትም።

እንግዲህ የምመኘው ቀላል ነገር ነው። «ጁኖ» በአማርኛ ድምፅ ወይም በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ጳውሎስ የሕክምና ኮሌጅ አዳራሽ ውስጥ ይታይ። ከፊልሙ ጋር የጁኖ መጽሐፍ የኢትዮጵያ ምዕራፎች ይነበቡ። ከዚያ በኋላ በሚደረገው ውይይት ሦስት ሰዎች ቢናገሩ መልካም ነው፦ የቃጠሎ ሕክምና ባለሙያ የኢፔሪት ቁስል ዛሬ እንዴት እንደሚታከም፣ የጨረር ሕክምና ባለሙያ መቅኒው የሞተበት ሰው ምን እንደሚደረግለት፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሰው ደግሞ ገለልተኛ መሆንና መመስከር እንዴት እንደሚስማሙ። ተማሪዎቹ በሦስተኛው ላይ አጥብቀው ቢጠይቁ፣ ኮሚቴው በ1928 ዓ.ም. ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም ብለው ቢሟገቱ፣ ጥያቄው ዘጠና ዓመት የቆየ ስለሆነ በአንድ ምሽት ባያልቅም ችግር የለውም።